ስለ ልጄ ስቴካ፣ ስለ ቤቴና ስለሚፈታው ሰው

የልጄ ሞት የተነገረኝ ዕለት ድስቱን አወረድኩ፣ እሳቱን አጠፋሁ፣ ቤቱን ቆለፍኩ፤ ከዚያ ነው የወጣሁት። ያን ቀን አእምሮዋን ያልሳተች ሴት ዛሬ ማክሰኞ ሰኔ 13 ቀን አእምሮዬ ሙሉ ነው ስትል ምስክሮቼ ይመኑኝ። የታመመው ሳንባዬ ነው። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ትምህርቴ ትንሽ፣ እጄም ቀርፋፋ ስለሆነ ይህን ስጽፍ ሰነበትኩ። አሁን በሦስት ምስክሮችና በታናሹ ልጄ ፊት አነብበዋለሁ፤ የሚጨመር ካለም እዚሁ እጨምራለሁ።

መርዶውን ያመጣችው እህቴ ናት። በሩን ሳታንኳኳ ገባችና «እትዬ፣ ልጄ ልጅሽን ገደለው» አለችኝ። ሌላ ሰው ልካ አላስነገረችኝም። ሬሳው ወዳለበት አብረን ወጣን። መንገድ ላይ፣ ሰው እያየ፣ በጥፊ መታኋት። ሻርፗ ጭቃ ላይ ወደቀ። አንስታ አራገፈችውና ከጎኔ መሄዷን ቀጠለች። ስለዚህ አስቀድሜ የምናዘዘው ይህን ነው፦ የልብስ ስፌት መኪናዬና የአንገት ሀብሌ ለእህቴ ይሰጥ። ለምን የሚል ቢኖር፣ ያን መንገድ ከእኔ ጋር የሄደችው እሷ ብቻ ናት።

ከመኖሪያዬ በታች ያለውን የቢሊያርድ አዳራሽ ያቋቋመው ሟቹ ባለቤቴ ነው። ጠረጴዛዎቹ ቀዳዳ የላቸውም። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ «ታዲያ ኳሱ የት ይገባል?» ብዬ ብጠይቀው «የትም አይገባም፤ እንደ እናቴ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው» አለኝ። ኳስህ ሦስት ጊዜ የጠረጴዛውን ጠርዝ ገጭታ ሌሎቹን ሁለቱን ኳሶች ከነካች አንድ ነጥብ ታገኛለህ። ጨዋታው ይኸው ነው። ለዚህ ነው ሰው የሚሞተው።

ባለቤቴ የበኩር ልጃችንን ያስተማረው በዱላ ነው። ልጁ ክንዱን ከጎኑ ባራቀ ቁጥር በስቴካው፣ ኳሱ በሚመታበት ረጅም እንጨት፣ ክርኑን ይለው ነበር። አንድ ጊዜ ጣቱን ሰበረው። «ነገ ይጫወታል» አለ። ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተጫወተ፤ አሸነፈም። ባሌ ያን ዕለት ልጁን አቅፎ አለቀሰ። ዱላውንም ልቅሶውንም አልረሳሁም። አፈሩ ይቅለለው።

ልጄ ከዚያ ወዲያ ከተማ ለከተማ ዞረ። አንዱ ተሸናፊ በጠርሙስ ቅንድቡን ሰነጠቀው። ሌላው በር ላይ ጠብቆ በጫማው ሆዱን ረገጠው። እሱም መልአክ አልነበረም፤ አባቱን የሰደበበትን ሰው በቴስታ መትቶ ጥርሱን እንዳረገፈ አውቃለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። ድምፁ አይሰማም፣ ፊቱ አይነበብም፤ «ዝምተኛው» ይሉት ነበር። ሻምፒዮን ሆኖ ዋንጫውን ይዞ ሲመጣ ማዕድ ቤት ገብቶ «እማዬ፣ ሽንኩርት መክተፊያ አመጣሁልሽ» ብሎ አሳቀኝ። ዋንጫዎቹ አዳራሹ ውስጥ ባሉበት ይቀመጡ፤ አይሸጡም።

የልጄ ስቴካ ለጨዋታው ዳኛ ይሰጥ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የመጨረሻው ግጥሚያ፣ በሌላ አዳራሽ፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ነበር። በአንድ አዳራሽ ያደጉ፣ በአንድ ሰው ዱላ የተማሩ ናቸው። ለሁለቱም የቀራቸው አንድ ነጥብ ነበር። ከሦስቱ ኳሶች አንዷ ቀይ ናት፣ ሁለቱ ነጭ። ከነጮቹ ጥቁር ምልክት ያለባት የልጄ፣ ምልክት የሌላት የእህቴ ልጅ ነበረች። ምልክቷ ወደ ታች ዞሮ ስለነበር የእህቴ ልጅ የራሱ መስላው የልጄን ኳስ አነጣጠረ። ልጄ አየ። በእነሱ ዘንድ ተጋጣሚ ሳይመታ መናገር ነውር ነው፤ የሚነገረው ከተመታ በኋላ ነው። ዝም አለ። ኳሷ ጠርዞቹን ዞራ ሁለቱንም ነካች። ሕዝቡ ጮኸ። የእህቴ ልጅ ስቴካውን ወደ ላይ አነሳ፤ ሚስቱ ሕፃን ልጃቸውን ታቅፋ ወደ እሱ ሮጠች። ያን ጊዜ ልጄ «የመታሃት የኔን ነው» አለው። ዳኛው ኳሷን ገልብጦ አየና «እውነት ነው፤ ነጥቡ አይያዝም» አለ።

«አይተኸኝ ነበር?» አለው የእህቴ ልጅ።

«አይቼሃለሁ።»

«አይተህ ነው ዝም ያልከው?»

«አንተ ብትሆን ትናገር ነበር?»

የእህቴ ልጅ በራሱ ስቴካ ወፍራም ጫፍ ጆሮ ግንዱን መታው። ስቴካው ለሁለት ተሰበረ። ልጄ በጉልበቱ ወርዶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። በስባሪው ደገመው። ሰው ደርሶ እስኪይዘው ድረስ ደጋገመው። የጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ጠቆረ።

ፍርድ ቤት የእህቴ ባል የጨዋታውን ዳኛ «ሟቹ ስቆበታል በል» አለው። ታናሹ ልጄ ደግሞ «አስቀድሞ ዝቶበታል በል» አለው። ሽማግሌው ዳኛ ሁለቱንም አላለም፤ ያየውን ብቻ ተናገረ። ስቴካው ለእሱ የሚገባው ለዚህ ነው። ታናሹ ልጄ ደጃፍ ላይ ጠብቆ በቡጢ መነጽሩን ሰባበረበት። በዚያው ቁጣ የእህቴን በር ገንጥሎ ገባና የባሏን ክንድ ሰበረ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። የእህቴ ልጅ በሚመጣው ወር ከእስር ይፈታል። እኔ ለዚያ ቀን አልደርስም። ታናሹ ልጄ በጃኬቱ ስር ቢላ ይይዛል፤ የማላውቅ ይመስለዋል። እህቴ «አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ሁሉም በቀረ» ትላለች። ታናሹ ልጄ «ወንድሜ ሕጉን ነው የጠበቀው» ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። የጨዋታው ሕግ ዝም በል አለው፤ ዝምድና ተናገር ይል ነበር። በሟቹ ልጄ አልፈርድም። ገዳዩንም ንጹሕ ነው አልልም።

ስለዚህ ቤቴና አዳራሹ ለታናሹ ልጄ ይሁኑ። ነገር ግን በእህቴ ልጅ ላይ እጁን ካነሳ፣ ቤቱም አዳራሹም በሙሉ ለገዳዩ ሴት ልጅ ይሁኑ። አባቷን ከወሰድክባት ቤት ታስገባታለህ።

እዚህ ላይ ስደርስ ታናሹ ልጄ ብድግ አለ። የተባለውም ይጻፍ ብያለሁ።

«ለእነሱ? እማዬ፣ የአባቴን ቤት ለእነሱ?»

«አንተ ካልሰጠሃቸው ማንም አይሰጣቸውም።»

«የወንድሜ ደም ውሃ ነው?»

«ከሸሚዙ ላይ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ምን እንደሆነ አንተ አትነግረኝም።»

ከምስክሮቼ አንዷ የሆነችው ነርስ «አታስጩኻት፣ ትንፋሽ የላትም» አለችው።

«ኧረ የምትጮኸው እሷ ናት!»

ቢላውን መዝዞ ፊቴ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተከለው። ሌላው ምስክሬ ልብስ ሰፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ሦስተኛው ምስክሬ፣ ዳኛው፣ ግን አልተነቃነቀም፤ «ንቀለውና ተቀመጥ» አለው።

«ጋሼ፣ ይሄኛውንም መነጽር እንዳልሰብረው!»

«ስበረው። ያየሁትን አይቻለሁ።»

ልጄ እጁን ከቢላው እጀታ ላይ አነሳ። ከዚያ ተቀመጠና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። የሚከተለው የእሱ ጽሕፈት ነው፦

ይቅር አልልም። በሚፈታበት ቀን ግን ከዚህ ከተማ አልገኝም። ከዚያም በኋላ እሱ ባለበት አልገኝም።

ከዚህ በላይ አልጠይቀውም። ይቅርታን በግድ ከአፉ ላውጣ ብል ውሸት ያወጣልኛል። ይህ ግን እውነት ነው፤ ሲጽፈው አይቻለሁ። ቢላውን ልብስ ሰፊው ነቅሎ ወስዷል።

ይህ ኑዛዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦ ዳኛው፣ ልብስ ሰፊውና ነርሷ ሰምተው፣ ልክ ነው ብለው ፈርመውበታል። እኔም ከሥራቸው ፈርሜያለሁ።

ይህን የምታነቡ ወይም ሲነበብ የምትሰሙ ሁሉ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ገዳዩን ልትረግሙ አፋችሁን ከከፈታችሁ፣ መልሳችሁ ዝጉት። እንደገና ስትከፍቱት ስለ ልጄ ነፍስ ጸልዩ።

እናቱ