የአባትህ ሌባ ጣት

ሐሙስ፣ ኅዳር 14

ይድረስ ለበኩሬ፣ ለዓይኔ ብርሃን፤

እንዴት ነህልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ መቆርጠሙን አልተወም፣ እሱን አሁን እንደ ጤና ቆጥሬዋለሁ። "እማ፣ ስለ አባዬ እጅ እውነቱን ንገሪኝ፣ አታድበስብሺ" ብለህ ጽፈሃል። እንግዲያው ቁጭ በልና አንብብ። እጁ አይመለስም። ትናንት ሐኪሟ ቁርጡን ነገረችን።

የዛሬ ዓመት የግድግዳ ሰዓት ሲፈታ መስታወቱ መዳፉን እንደቆረጠው ታውቃለህ። ክሊኒኩ ቁስሉን ሰፍቶ አንድ ወረቀት ሰጠው። "መነጽሬ ሱቅ ቀርቷል፣ አንቺ አንብቢው" አለኝ። "በአስር ቀን ውስጥ ፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይቅረብ" ይላል። እስካሁን ያልነገርኩህ ይሄን ነው። መቼም አፌን ታውቀዋለህ፤ ሳቄን ለቀቅኩት። "ኧረ በሞትኩት! በስልሳ ሦስት ዓመትህ አፍንጫህን ሊያቃኑልህ ነው?" አልኩት። ፕላስቲክ ሲባል የማውቀው ቴሌቪዥን ላይ ከንፈራቸውን የሚያስነፉትን ሴቶች ነዋ! እሱም ሳቀ፣ ወረቀቱም መሳቢያ ገባ።

ቁስሉ በሁለት ሳምንት ደረቀ። ሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ግን እንደተገተሩ ቀሩ። "ሌባ ጣቴ ምን ሰርቆ ነው እንዲህ የታሰረው?" እያለ ይቀልድ ነበር። እኔም "ይፍታታል፣ ይፍታታል" እያልኩ በሞቀ ውሃ ሳሸው አምስት ወር አለፈ።

በኋላ ወረቀቱ ወዳዘዘን ክፍል ስንሄድ ሐኪሟ አንተን የምታህል ልጅ ናት። "አባባ፣ እኛ ጋ መልክ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ የእጅ ጅማትና ነርቭም እንሰፋለን" አለችው። የእሱ ጅማት ግን እንደተበጠሰ ላስቲክ ወደ ውስጥ ሸሽቶ፣ አጥሮ፣ እዚያው ተጣብቋል። "ያኔውኑ ቢመጡ ጫፍና ጫፉን ገጥሜ እሰፋው ነበር። ለመሆኑ ማን ነው አይሂዱ ያለዎት?"



"ማንም አላለኝ ልጄ፣ የራሴ ስንፍና ነው" አላት። አባትህና ስንፍና! አርባ ዓመት ሙሉ ከሰፈሩ ቀድሞ ሱቁን የከፈተ ሰው! እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አጥብቄ አቀፍኩ።

ከክንዱ ሌላ ጅማት አውጥታ ተካችለት። ከዚያ ወዲህ ጣቱን ለማሠራት በሳምንት ሦስት ቀን ተመላለሰ፤ ስፖንጅ ሲጨምቅ ላቡ ጠብ ጠብ ይል ነበር። አዲሱም ተጣበቀ። ትናንት "ከዚህ በላይ ብነካው ያለውንም ያጣሉ፤ የጣትዎ ስሜትም አይመለስም። ሰዓት መሥራቱን ይርሱት" አለችው። አመስግኗት ወጣ። "እኔ ጋ ያሉ ሐኪሞች ይዩት" ያልከውንም ለብቻዋ ጠየቅኳት። የትም ብትወስዱት ያው ነው አለችኝ። እና እባክህ ልጄ፣ "ተስፋ አለ" ብለህ አትጻፍለት። እሱን መስማት ሰልችቶታል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ መሣሪያዎቹን በካርቶን አድርጎ ማዶ ላለው ሰዓት ሠሪ ሰጠው፤ "ሰዓት በመዶሻ ይጠግናል" እያለ ሲያማው ለኖረው ለዚያ ሰውዬ። "እንግዲህ መዶሻህን ጣል" ብሎት ተመለሰ። ሰውዬውም አልሳቀም።

በል፣ ክፉ አይንካህ፣ ያሰብከው ይሙላልህ፣ ወጥተህ በሰላም ግባ። አንድ ነገር ብቻ ላክልበትና ላሽገው። ጠዋት ሸሚዙን ሊቆልፍ ታግሎ ታግሎ እጁን አወረደ። ሄጄ አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ቆለፍኩለት። ቀና ብሎ አየኝና "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናትህ