ዳቦ ቤት ወራጅ አለ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? የባሕር ማዶው ብርድ እንዴት አድርጎሃል? ያ በየክረምቱ የሚነሳብህ ሳል ዘንድሮስ ተወህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጅህስ ደህና ናቸው? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ሰላምታዬ ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ግን መራራ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ስልክ ያልደወልኩልህ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ኢንተርኔት ላይ ባለው ካርታ እንዳልጽፍልህ ደግሞ አገር ምድሩ የሚያነበው ቦታ ነው፤ የቤታችንን ገበና አደባባይ ማውጣት ሆነብኝ። አንተ ግን እኔን አደባባይ ላይ ነው ያዋረድከኝ።

ያንን ካርታ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ማንም ሰው የሚያውቀውን ሰፈር የሚጨምርበት ካርታ ነው፣ የከተማችን አውቶቡሶች ግን የሉበትም፣ አንቺ እዚያው ስላለሽ መስመሩን አስገቢ ብለህ ስታባብለኝ ትዝ ይልሃል? እሺ አልኩህ። ከሥራ ስወጣ በየአውቶቡሱ እየተሳፈርኩ፣ ስልኬን መስኮቱ ላይ ደግፌ መንገዱን እያስመዘገብኩ፣ በቆመ ቁጥር ነጥብ እያስቀመጥኩ ከተማውን አዳረስኩት። መሄጃው በአንድ መንገድ፣ መመለሻው በሌላ እየሆነ አንዱን መስመር ሁለት ጊዜ ሠራሁት። ሾፌሮቹ «ሰላይዋ መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ባለቤቴማ «አውቶቡስ አገባሽ እንዴ?» ማለት ጀምሮ ነበር። አንተ ደግሞ እዚያ ሆነህ ነጥቦቼን በመስመር ስታያይዝልኝ አንድ ቤት ውስጥ የተቀመጥን ያህል ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የካርታው አራሚ ሆንክ። ሹመት ያዳብር ብለን ለጎረቤት ሁሉ አወራን። ለካስ መጀመሪያ የምታርመው እኛን ኖሯል።

ዳቦ ቤት የሚባለውን ፌርማታ አጠፋኸው። ዳቦ ቤት የለም፣ ምልክት የተሰቀለበት ብረትም የለም፣ ልምድ የሌላት ሰው ያስገባችው ነው ብለህ ማንም በሚያነበው ቦታ ጻፍክ። ወንድም ጋሼ፣ ዳቦ ቤቱ እኛ ልጆች ሳለን እንደተዘጋ አንተም ታውቃለህ። ስሙ ግን ቀርቷል። በእኛ ሰፈር ብረት የተተከለለት ፌርማታ የታለና? ሰው ተሰብስቦ ይቆማል፣ «ዳቦ ቤት ወራጅ አለ!» ይባላል፣ ሾፌሩም ያቆማል። አንተ ራስህ ትምህርት ቤት ስትሄድ የምትሳፈረው ከዚያ ነበር። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ የሚያውቁትን የለም ማለትን ግን ምን እንደሚሉት እንጃ።

መልሼ አስገባሁት፤ መልሰህ አጠፋኸው። ለብቻህ ጽፌ ብለምንህ፣ ሕጉ ነው፣ ለእህቴ ብዬ ብጥሰው አብረውኝ የሚያርሙት ጓደኞቼ ምን ይሉኛል አልከኝ። ይኸው የአውቶቡስ ድርጅቱ ካርታውን ገልብጦ ለሾፌሮቹ ሁሉ በየስልካቸው ሰጣቸው። የድሮዎቹ ልማድ ይዟቸው ያቆማሉ፤ አዲሶቹ ግን ስልኩ ካልነገራቸው ቢጮኹባቸውም አይሰሙም። እማዬን ከጤና ጣቢያ ስትመለስ ድልድዩን አሳልፈው ያወርዷታል፤ የእግረኛ መንገድ በሌለበት፣ በመኪና መሃል እያነከሰች ትመለሳለች። ባለፈው ሳምንት አንድ ሞተር ቀሚሷን ጨርፎ አለፈ። ከዚያ ወዲህ «ጉልበቴ እንደሆነ ይሁን» ብላ ሕክምናውን ትታዋለች።

ማስረጃ አምጪ ስትለኝ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ቦታውን ፎቶ አንስቼ ላክሁልህ። ከሥሩ ምን ብለህ እንደመለስክ ታስታውሳለህ? «ፌርማታ አይታይም፤ ጃንጥላ የያዙ አንዲት አሮጊት ቆመዋል እንጂ።» ወንድም ጋሼ፣ እማዬ እኮ ናት። ብረት ስለሌለ ቦታው እንዲታወቅ ብዬ እንድትቆምልኝ የለመንኳት እኔ ነኝ። ላንተ የሚላክ መሆኑን ስነግራት ሻርፗን አስተካክላ፣ ፀሐዩን ችላ ቆመች። ጃንጥላውን የላክህላትም አንተው ነህ። ከድተኸኛል፤ እኔን ብቻ ቢሆን ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር።

አሁንም እህትህ ነኝና እለምንሃለሁ፤ ያጠፋኸውን ፌርማታ መልስ። ጓደኞችህ የሚሉህን ይበሉህ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ እሷን አልተቀየምኳትም። የልጅህን ጉንጭ ሳምልኝ። ልጆቼ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው እያሉ ይጠይቃሉ። ባለቤቴም ሰላም ብሎሃል፤ ነገሩን ስለሚያውቅ ከዚህ በላይ አላለም። እማዬ ግን አታውቅም። ያጠፋው ሌላ ሰው፣ የምትሟገትላት አንተ ይመስላታል። ዛሬ ጠዋት ስትጸልይ ፌርማታዋን ያጠፋባትን ሰው «እጁን ይያዘው» ብላ ረገመችው፤ ቀጥላም «ለሚሟገትልኝ ልጄ ዕድሜና ጤና ስጥልኝ» ብላ መረቀችህ። ከዚያ እንደ ወትሮው አሜን እንድላት ዞር ብላ አየችኝ። ለየትኛው እንደምል ቸገረኝ።

እህትህ
ከእማዬ ቤት፣ ኅዳር 9 ቀን