አቶ ኦድቫር ሄግላንድ ያላሞቁት ማር

አቶ ኦድቫር ሄግላንድ ከአባታቸው ከአቶ ተሊፍ ሄግላንድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጉድሩን እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1941 በደቡብ ኖርዌይ፣ በፍሌከፊዮርድ አቅራቢያ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በአካባቢው ተከታትለው በ1958 በእንጨት ሥራ ተመረቁ። ኑሯቸውን የመሩት ጀልባ በመጠገን ቢሆንም፣ ልባቸው ከአባታቸው በወረሷቸው ስድስት ቀፎዎች ላይ ነበር።

በ1966 ወይዘሮ ብዮርግን አግብተው አርነንና ሲሪን አፈሩ። የእህታቸውን ልጅ ቶሩንንም እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት። በየነሐሴው ሦስቱንም ልጆች ይዘው፣ ቀፎዎቹን በጀልባ ጭነው፣ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ወደሚያብብበት ኮረብታ ይሻገሩ ነበር።

የእያንዳንዱን አበባ ማር ለየብቻው ያስቀምጡ ነበር። የሜዳው ነጭ አበባ ማር ፈዛዛ ነው፤ የእንጆሪው ቶሎ ይረጋል። የአስታው ግን ጠቆር ያለ፣ መረር የሚል፣ ካላማሰሉት ከጠርሙሱ አልወርድም የሚል ግትር ማር ነው። "ጥቁሩ ነው መድኃኒቱ" ሲሉ ጎረቤት ይስቅባቸው ነበር። ቶሩን በምግብ ኬሚስትነት ተቀጥራ በ1998 ስትለካው፣ የአስታው ማር የአንቲኦክሲዳንት ኃይል ከነጩ አበባ ማር እጥፍ ድርብ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ያገኙትን ሰው ሁሉ አስነበቡ።

በ1999 ይህንኑ ማር ለአውራጃው የንብ አናቢዎች ውድድር አቀረቡ። ከላቦራቶሪ የመጣው ውጤት ኢንዛይሙ መውረዱን፣ ማር ሲሞቅ የሚፈጠረው ንጥረ ነገርም ከተፈቀደው ማለፉን ገለጸ። "የሞቀ ማር" ተባለ። በእኛ አካባቢ ለንብ አናቢ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ለሃያ ዓመታት ከመሩት ማኅበር ተሰናበቱ። በገበያው መሐል "ኦድቫር፣ የዘንድሮውንስ ስንት ሰዓት ቀቀልከው?" የሚላቸው አልጠፋም።

ማሩን ያሞቀችው ቶሩን ናት። ናሙናው እሷ ወደምትሠራበት ላቦራቶሪ የመጣው ያለ ስም፣ በቁጥር ቢሆንም የማን እንደሆነ በጠረኑ አውቃለች። አልወርድ ሲላት ማማሰሉ ታከታት፤ ማሞቂያው ውስጥ ከታ ረሳችው። በማግስቱ እንደ ውሃ ሲፈስ አገኘችው። ከሥራ እባረራለሁ ብላ ፈርታ ውጤቱን ፈርማ ሰጠች። ሰኞ እናገራለሁ አለች። ያ ሰኞ ሃያ አምስት ዓመት ፈጀ።

አቶ ኦድቫር ማሩን እንዳላሞቁ ያውቃሉ፤ ላቦራቶሪው ውስጥ ማን እንደሚሠራም ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ ለቶሩን አንድ ጠርሙስ የአስታ ማር ይልኩላት ነበር፤ ክዳኑ ላይ "አማስዪው" ብለው ይጽፉበታል። ለሰው ሁሉ የሚጽፉት ይመስላት ነበር። ባለፈው ሐሙስ ሲሪ ጠርሙሱን አይታ፣ "ለእኛ እኮ እንዲህ ጽፎልን አያውቅም፤ ምን ማለቱ ነው?" አለቻት። ቶሩን ክዳኑን ደግማ አነበበችው።

አቶ ኦድቫር በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መስከረም 14 ቀን 2024፣ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና አሥራ አንድ ቀፎዎቻቸውን ትተዋል። የታገሡትን ሁሉ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ።

ዛሬ እዚህ የተገኛችሁ የማኅበሩ አባላት ሆይ፣ ይህን የማነብላችሁ እኔ ቶሩን ነኝ። አጎቴ ማር አሙቀው አያውቁም።