ለበረንዳዬ የተሰበሰበ ፊርማ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ሽሮው ዛሬም ከምሳ በፊት አለቀ። ከሰዓት ከከተማው አስተዳደር ወረቀት የያዘ ሰውዬ መጣ። በብድር የሚሠራ ፈጣን የአውቶቡስ መንገድ ታስቧል አለ... በእኛው ሰፈር በማኪንድዬ በኩል ወደ መሃል ከተማ፣ ናካሴሮ። ካርታውን ዘረጋልኝ። ቀዩ መስመር በየት ቢያልፍ ጥሩ ነው? በበረንዳዬ! ስምንት ጠረጴዛ ያለበት። ያለ በረንዳው ምግብ ቤቴ ምን ይሆናል? ጓዳ!
«ገና አልተወሰነም» አለ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት የሕዝብ ስብሰባ አለ።»
አንዱ አውቶቡስ ስንት ሰው ይጭናል? ጠየቅኩት። መቶ ሃምሳ። አይ፣ ይሄስ ደስ ይላል... ምን ሆኛለሁ እኔ? ሰውዬው ሲሄድ በረንዳውን በእርምጃ ለካሁት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ አበሻ ሁሉ እኔ ጋ በላ። ጋበዝኩ። የተቃውሞ ወረቀቴንም አዞርኩ። «ይሄን ሁሉ ብድር ለአውቶቡስ? የአዲስ አበባውን ባቡር አላየንም እንዴ?» ደህና አድርጌ ተናገርኩ።
ጎማ ነጋዴው ሚልኪያስ ብቻ «እናቴ ግን ያለ ባቡሩ ከቃሊቲ እንዴት ትወጣ ነበር?» ብሎ ጀመረ። ጥብስ ጨመርኩለት። ፈረመ። ባለቤቴ ጽጌም ፈረመች። ሠላሳ ስምንት ፊርማ! ለካ ሰው አለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ብድሩ በስንት ዓመት ያልቃል? የሚያውቅ አጣሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ጽጌ ናካሴሮ ቢሮ ስትመላለስ ስድስት ዓመቷ። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ አላውቅም። ለክርክሩ መረጃ ላግኝ ብዬ ዛሬ በጠዋት አብሬ ወጣሁ።
የታክሲው ሰልፍ ላይ ከፊታችን ማን ቆሟል? ሚልኪያስ። መኪናው ጋራዥ ገብታበት። «ያ አውቶቡስ መጥቶ በተገላገልን» ይላል ለጎኑ ሰው። ዞር ሲል አየኝ። ክው አለ።
«ታዲያ ምነው ፈረምክ?»
«ጋሼ ወልደየስ፣ እርስዎ ቤት በልቼ፣ እስክሪብቶውን በእጅዎ ሰጥተውኝ... እንዴት እምቢ ልበል?»
ይሉኝታ! እንዴት ጠፋኝ? እኔ ራሴ በሰው ቤት ስንቱን ፈርሜያለሁ።
ታክሲው እስኪሞላ ጠበቅን። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ጽጌ በመስኮት ታያለች፤ ለምዳዋለች።
«አንቺስ?» አልኳት።
ከመስኮቱ ዞረች። «ከሰኞ እስከ ዓርብ መቅዲን ተኝታ ነው የማገኛት፣ ወልዴ። አንተ እንዳይከፋህ ብዬ ነው።»
ልጄን እኔ በየቀኑ ሳበላት፣ እናቷ የት እንዳለች አስቤ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
የፈረሙልኝን በየሱቃቸው ዞርኳቸው። ምሳ ሳልጋብዝ። «ያላመናችሁበት ሰርዙ።» ብዙዎቹ እያፈሩ ሰረዙ። «ኧረ ግዴለም ጋሼ፣ ይቆይ» ያሉትን ራሴ ሰረዝኳቸው። ሚልኪያስ ከልቡ ሳቀ። ጽጌ እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ሰረዘች። የቀረው የኔው ስም ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
ስብሰባው። አንዱ ተነሥቶ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል አለ። ልክ ነው። አንድ የቦዳ ሞተር ታክሲ ነጂ እኛስ ምን እንብላ አለ። እሱም ልክ ነው። ከኪቡሊ የመጣች ራሂማ የምትባል ሴት በየቀኑ በእግሯ እንደምትመላለስ ተናገረች፤ የታክሲ ዋጋ አይቻላትም። አውቶቡሱስ ይቻላት ይሆን? ይሄን ማንም አልጠየቀም። እኔ ልጠይቅ እጄን አወጣሁ።
ተናጋሪዎችን የምትመዘግበው ሴት ወረቀቴን ተቀብላ ያን ሁሉ ስርዝ አየች።
«ስንት ሰው ወክለው ነው የመጡት?»
«አንድ» አልኩ። «እሱም እያመነታ ነው።»