ሪባን ስለታሰረበት የእናቶች ክፍል በር

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ የደም ግፊትዎ ልኩን የጠበቀ፣ እግርዎ ያላበጠ፣ ዓይንዎም ብዥ የማይልበት እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ይህን ለወግ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልዎ። ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች፤ እግሯ ጫማ አልገባ ብሎ የእኔን ሰፊ ነጠላ ጫማ ታደርጋለች፣ ራሷን ይወጋታል፣ አንዳንዴም ዝንብ የምታባርር ይመስል እጇን ፊቷ ላይ ታወናጭፋለች፤ ዝንብ ግን የለም። ስለዚህ ጤና መመኘት በእኛ ቤት ሰሞኑን ቀልድ አይደለም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ከሆስፒታሉ አጥር ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ። የአዲሱን የእናቶች ክፍል መጋረጃ የሰፋሁትም፣ ለምረቃው በሩ ላይ የታሰረውን ቀይ ሪባን ጠርዙን ቀምቅሜ መሀሉን አበባ ያስመሰልኩትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ እርስዎ ራስዎ እጅሽ ይባረክ ብለውኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ እህቴ እዚህ ትወልዳለች እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ። አሁን ውለታዎን ለመመለስ ያህል ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ክፍሉ ተሠርቶ፣ አልጋው ገብቶ፣ መሣሪያው ሁሉ ተተክሎ ሲያበቃ፣ ሪባኑን የሚቆርጡት የክብር እንግዳ ስላልተመቻቸው በሩ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። መጀመሪያ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ፣ ቀጥሎ ውጭ አገር ሄደዋል ተባለ፣ አሁን ደግሞ ዝናቡ ያባራ ተብሏል። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ተጣድፎ በሩን ከፍቶ ሴቶቹን ባስገባ ነበር፤ እርስዎ ግን ወግ አዋቂ ስለሆኑ ምጡን ሁሉ በቀጠሮ ይዘውታል። ያልገባኝ ነገር ቢኖር የእንግዳውን ፕሮግራም ለጽንሶቹ ማን እንደሚነግራቸው ብቻ ነው።

2. ለሪባኑ ስለመደቡለት ዘበኛ አመሰግናለሁ። በአሮጌው ክፍል ሴቶች በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት ሆነው ተኝተው፣ የተረፉት ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሲያምጡ፣ ሁሉንም የምታየው አንዲት አዋላጅ ናት። ሪባኑን ግን ቀን የሚጠብቀው ሌላ፣ ማታ የሚጠብቀው ሌላ ነው። የቀኑ ዘበኛ ደግ አባት ናቸው፤ አንድ ቀን ስፌቴን ልይ ብዬ ጠጋ ስል፣ ልጄ፣ በፈጠረሽ እንዳትነኪው፣ እሱ ከተበጠሰ የሚዘጋው የልጆቼ ጉሮሮ ነው ብለው ለመኑኝ። ብዙ ነገር ሰፍቻለሁ፤ ዘበኛ የቆመለት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

3. ስለ አትክልት ሻጯ ጎረቤታችን። እርስዎ ምናልባት አያውቋትም፤ እኛ ግን ሳቋን ከመንገዱ ማዶ እንሰማው ነበር። እግሯ አብጦ፣ ራሷን ይዛ መጣች፤ ተረኛው ሐኪም የነፍሰ ጡር ነገር እንዲህ ነው፣ ቻይው አላት። አዋላጇ ግን ነገሩ አላማራትም። የአሮጌው ክፍል የግፊት መለኪያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ደህናው ከነመድኃኒቱ ከሪባኑ ወዲያ ነው። በሩ እንዲከፈትላት ለማስፈቀድ ወደ ቢሮዎ ሮጠች፤ ጸሐፊዎም በጨዋ ደንብ፣ ዳይሬክተሩ ስለ ምረቃው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ተቀመጪ አለቻት። ስትመለስ አትክልት ሻጯ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ ራሷን ስታ ነበር። ሕፃኗ ተረፈች፤ እናቷ ግን ከአዲሱ አልጋ በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይታ ሞተች። ለባሏ ዘግይታ ስለመጣች ነው ተብሎ ተነገረው። ከጠዋት ጀምራ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ያየናት ሁሉ፣ የዘገየችው ወዴት ለመሄድ እንደሆነ እስካሁን እየተጠያየቅን ነው።

4. ይህን ልጽፈው አልነበረም። ጎረቤታችንን በቀበርን ሰሞን፣ ከአዲሱ ክፍል መጋረጃዎች አንዱ ወድቋልና መጥተሽ ስቀዪው ተባልኩ። በፊት ለፊት ሪባን ስላለ በልብስ ማጠቢያው በኩል ባለው የጓሮ በር አስገቡኝ። አልጋዎቹ ሁሉ ላስቲካቸው አልተላጠም፤ ከአንዱ በቀር። የእሱ አንሶላ ተጨማድዷል፣ ከአጠገቡ ያለው አበባ ገና አልጠወለገም፣ መሬት ላይም አውራ ጣቴን የማታክል አንዲት የሕፃን ካልሲ ወድቃለች። የነገረኝን ሰው ፈልገው እንዳይደክሙ፣ እንዲያው ካልሲዋ ነገረችኝ ይበሉ፤ የአንድ ትልቅ ሰው ልጅ በዚያ አልጋ ላይ ሐኪሞች ከብበዋት በሰላም ተገላግላ ሄዳለች። ለእሷም ለልጇም ዕድሜ ይስጣቸው፤ በእነሱ ቂም የለኝም። ለካስ ሪባኑ የሚከለክለው በፊት ለፊት የምንመጣውን ብቻ ኖሯል። መጋረጃውን ሰቅዬ ስወርድ የእጄን ዋጋ ሳልቀበል ወጣሁ። ተናድጄ ነው፤ ዛሬም አልበረደልኝም።

5.

አምስተኛውን ቁጥር ሳልሞላው የተውኩት ረስቼ አይደለም። የእህቴ ቦታ ነው፤ ባዶውን እንዲቀር እፈልጋለሁ።

ትናንት ለምርመራ ይዣት መጥቼ ነበር። አዋላጇ ግፊት የምትለካበት ነገር ስላጣች በጣቷ የእህቴን ቅልጥም ተጫነችው፤ ጣቷን ብታነሳም ጉድጓዱ አልሞላ አለ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየነው። ከዚያ አዋላጇ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ይሄማ ቀላል ነው አለቻት፤ እኔን ግን በሩ ድረስ ሸኝታ፣ ይህች ልጅ ምጥ እስኪይዛት መጠበቅ የለባትም፣ ወዴት እንደምልካችሁ ግን አላውቅም ብላ ጆሮዬ ላይ አለቀሰች። እህቴ ምን አለችሽ ስትለኝ፣ የመጋረጃው ስፌት አምሮልሻል አለችኝ ብዬ ዋሸኋት። ስቃ አመነችኝ፤ ያ ሳቋ ጎረቤታችንን አስታወሰኝና ፈራሁ። ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ስለሆነም ድንገት መጡብኝ ብለው እንዳይቀየሙን፣ ነገ ጠዋት የምንመጣው ወደ አሮጌው ክፍል እንዳልሆነ ከወዲሁ በአክብሮት አሳውቃለሁ። ብቻችንንም አንሆን፤ የአትክልት ሻጯ ባል ሕፃኗን አቅፎ ከእኛ ጋር ይመጣል፣ የሰፈሩ ሴቶችም እንሸኛችኋለን ብለዋል። ለዘበኛው አባት ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ወደ ግቢው ዛፎች እንዲያዞሩ እኔው እነግራቸዋለሁ፤ በኋላም ማን ነው የነካው ብለው ከጠየቁ የእኔን ሱቅ ያውቁታል። የጓሮውን በር አንፈልገውም፤ የኛ ሰው በፊት ለፊት መግባት ይወዳል።

ውድ ጊዜዎን ከምረቃው ዝግጅት ላይ ስለተሻማሁብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ በተለይም ለሴቶች ልጆችዎ ሁልጊዜ የሚከፈት በር እንዳይጠፋ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
መጋረጃዎን የሰፋች፣
የአንዲት ነፍሰ ጡር ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ለምረቃው የተገዛው ባለ ወርቅ እጀታ መቀስ አልቆርጥ አለ ተብሎ እንዲሳል ወደ እኔ ተልኮ ነበር። ተስሏል፤ ከሪባኑ በተረፈው ጨርቅ ላይ ሞክሬው ድምፅ እንኳ አላሰማም። ሰው ልከው እንዳይደክሙ፤ ነገ እህቴን ይዤ ስመጣ እኔው አመጣዋለሁ።