የኅዳር አሥራ ሁለት ጭስ

ለምወድህ ወንድምዓለም አበባው፣

እንደምን ሰነበትክ? ደረትህን የሚያምህ ተሻለህ ወይ? ለአዲስ አበባው ብርድ ጋቢው በቃህ? እኛ ሰዉም ቤቱም ተርፈናል፤ ደህና ነን ለማለት ግን አፌ ገና አልደፈረም።

ባለፈው ሳምንት ስትደውል አባባ አጠገቤ ስለነበሩ እውነቱን በስልክ አልነገርኩህም። መሥሪያ ቤትህ የአየሩን ጭስ የምታሰሉበት ኮምፒውተር ኅዳር 12 ቀን መርሳ በጭስ ተሸፍናለች ሲል፣ ሳተላይቱ ግን ሰማዩን ንጹሕ ሆኖ አየው አልከኝ። በዚያ ቀን ሰው ሁሉ በሽታ ይውጣ ብሎ ቆሻሻ ስለሚያጥን፣ የዕለቱን ጭስ ስሌቱ ውስጥ ያስገባኸው ራስህ ነህ። የቱ እንደተሳሳተ ከድሮው ኅዳር 12 ጋር አመሳክሮ ለመለየት፣ ተማሪ ሳለህ ከደጃችን ፊት ለፊት ያለው ተራራ የታየበትንና በጭስ የተሸፈነበትን ቀን የጻፍክባቸውን አራት ደብተሮች ላኪልኝ አልክ።

ሳተላይቱ እውነቱን ነው። ስሌትህ የሰላሙን ጊዜ ቆጥሮ ነው። ዘንድሮ ኅዳር አልታጠነም። ታጣቂዎቹ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ጭስ የታየበት ላይ ከባድ መሣሪያ ይወድቃል ተብሎ በቀን እሳት የሚያነድ አልነበረም። ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽ ብቻ «ጥይቱ ቢስተኝ ጉንፋኑ ሊጨርሰኝ ነው፤ ትንሽ ላጭስ» ብለው ቆሻሻቸውን ከመሩ። አባባ በአጥሩ በኩል «ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ! የዘንድሮ በሽታ ክላሽ ይዞ ነው የመጣ፤ በጭስ አይወጣም» ሲሏቸው ስቀው ተዉት።

በዚያው ረፋድ ቤት ለቤት ሊፈተሽ ነው ተባለ። ካርታ የተገኘበት ሰው ሰላይ ተብሎ ይወሰዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ደብተሮችህ ላይ ደግሞ ተራራው ተስሏል፤ እስከ ወልድያ ያለው መንገድም፤ በየገጹም ቁጥር። አባባን ይወስዱብኛል ብዬ ለማንም ሳልነግር ጓሮ ውስጥ አራቱንም አቃጠልኳቸው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ። መሣሪያም አልወደቀም። ፈታሾቹም አልመጡ። በከንቱ ነው ያቃጠልኳቸው። አባባ እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ ያሉ ይመስላቸዋል።

ሳተላይቱ መርሳን በሙሉ እንደ አንዲት ነጥብ ነው የሚያየው ብለኸኝ ነበርና የኔን ጭስ አላየውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ አንተ ታደርገው እንደነበረው፣ ደጅ ቆሜ ተራራውን እያየሁ በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ጽፌያለሁ። ገጾቹን ቀድጄ ልኬልሃለሁ። ያንተን አይተኩም። የመጀመሪያው መስመር «ኅዳር 12፤ ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል። የጨሰው አንድ ቤት፤ የኛ» ይላል።

አባባ «መንገዱ ሲረጋ መጥቶ ይየን» ይሉሃል። እማዬ ስምህን ስታነሳ ታለቅሳለች። ትንሿ እህታችን ሂሩት የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ እንዳትስቅብኝ ብላሃለች። እትዬ ብዙነሽም «ለሚመጣው ኅዳር የሁለት ዓመት ቆሻሻ ይዤ እየጠበቅሁ ነው፤ እዚያ ስሌቱ ውስጥ ያስገባው» ብለዋል።

ይቅር ብለኸኝ እንደሆነ፣ ስትደውል ለአባባ ምንም አትንገራቸው። እኔን ብቻ፣ ተራራው ዛሬ ታየ ወይ ብለህ ጠይቀኝ።

እህትህ እየሩሳሌም
መርሳ፣ ጥር 23 ቀን 2014 ዓ.ም.