ግፊቴ አልወርድም ያለ ሰሞን

ሐሙስ
መቶ ሰማንያ አምስት። ሲስተር ፋናዬ መሣሪያውን ከክንዴ ፈትታ ደግማ ለካችኝ። ያው ነው። የዓይን ሐኪሞቹ ማክሰኞ ሳምንት ሰቆጣ ይገባሉ፤ የደም ግፊቴ ከመቶ ስልሳ በታች ካልወረደ ዓይኔን አይነኩም። የሚመጡት ደግሞ በዓመት አንዴ ነው።

ቀኝ ዓይኔን ሞራ ከደፈነው ዓመት አልፎታል። ግራው ተከትሎ እየጨለመ ነው። ይህን የምጽፈው በወፍራም እስክሪብቶ፣ በአንድ ገጽ ስድስት መስመር ብቻ ነው። ፊደል ማንም አላስተማረኝም። ከጆንያ ላይ፣ ከሱቅ በር ላይ እየለቀምኩ ለብቻዬ ያገኘሁት ነው። እስከ ከርሞ ብቆይ ግራውም ይሄዳል። ያን ጊዜ ካልተማረ ሰው በምን እለያለሁ?

ፋናዬ ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት። መድኃኒቱን አንድ ቀን አላጓደልኩም። ጨው ካቆምኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ ምስክሬ ባለቤቴ አምሳል ናት። ሴትዮዋ መዝገቡን እንደገና ከመጀመሪያው ማገላበጥ ጀመረች። ትእዛዝ የሚያከብር በሽተኛ አይታ ስለማታውቅ ይሆናል።

አርብ
ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያው እየመጣሁ እንድለካ አዛኛለች። መቶ ሰማንያ ሁለት።

አግዳሚው ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ከአበርገሌ የመጣ ሰው ነበር። ሚስቱን ስኳር ለማስመርመር ነው ያመጣት። እህል ሳይቀመስ እንዲመጡ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ፋናዬ ሴትዮዋን ቁርስ በልተሽ ነበር ወይ ብትላት ባልየው ቀድሞ መለሰ።

“እሷ አቅም የላትም። እኔ ጾሜላት መጥቻለሁ።”

ፋናዬ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በዚህ ዓይኔ እንኳ ታየኝ። ሰውዬው ግን የምሩን ነው፤ ሆዱ ሲጮህ እሰማው ነበር። ለሚስቱ ያለውን ፍቅር አልነቅፍም። የተነገረውን አለማዳመጡን ግን እነቅፋለሁ።

ቅዳሜ
መቶ ሰማንያ ስምንት። ጭራሽ ጨመረ። መሣሪያው ተበላሽቷል አልኳት። የራሷን ክንድ ለክታ አሳየችኝ፤ የእሷ ደህና ነው። መናደድ ግፊት ያወጣል፣ ትንሽ ይረጋጉ ብላ በሥራዋ ላይ የገጠሟትን ታጫውተኝ ጀመር። እንዳይረሳኝ እጽፈዋለሁ።

አንድ የዝቋላ ሰው የመድኃኒት ማዘዣውን ወረቀት ቤቱ ወስዶ፣ በውሃ ዘፍዝፎ ጠጣው። የደብተራ ጽሑፍ እየታጠበ ሲጠጣ አይቶ ያደገ ነው፤ ይህም ጽሑፍ ነው ብሎ። በሳምንቱ ተመልሶ፣ ቀለሙ ትንሽ ጎመዘዘኝ እንጂ ደህና ነኝ አላት።

አንዲት እናት ብብታቸው ሥር የገባውን የሙቀት መለኪያ አልመልስም አሉ። እሱ ከገባልኝ ወዲህ ትኩሳቱ በርዶልኛል፣ ለሌላው ሌላ ፈልጊለት አሏት።

አንድ ሽማግሌ ደሜ ተመርምሮ ካለቀ ይመለስልኝ ብሎ በር ላይ እስከ ምሳ ቆመ። በዚህኛው አልሳቅሁም። የራሱን ነው የጠየቀው።

ቤት ገብቼ ለአምሳል ነገርኳት። ጎኗን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን የገረመኝ ነገር አለ፤ ሰው ነርስ ያለችውን እንደወረደ ቢፈጽም ምን ይጎዳዋል?

ሰኞ
ዛሬ የደረሰብኝን መጻፍ አልፈልግም ነበር። ግን የሌላውን ጽፌ የራሴን ብተው ነውር ነው።

መድኃኒቱን ሳልውጥ ይዤው እንድመጣ ነግራኝ ነበር። ፊት ለፊቷ ዋጥኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ ከኪሴ ያለችውን ጨርቅ ፈትቼ፣ ከውስጧ አንድ ቅንጣት ምላሴ ላይ አደረግሁ። የክኒኑን ምሬት ያጠፋልኛል።

“አያ ኪሮስ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“አሞሌ ነዋ።”

“ጨው አቁሜያለሁ አላሉኝም?”

“አቁሜያለሁ። ይሄ አሞሌ ነው።”

ብዕሯን አስቀመጠች። እኔም አስረዳኋት። የተከለከልኩት ያ በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ የሚሸጠው ዱቄት ነው፤ በሽታውን ያመጣው እሱ ነው። አሞሌ ከአፋር ምድር ተቆርጦ በግመል የሚወጣ ንጹሕ ነገር ነው። በጉልበቴ ዘመን እኔ ራሴ በበቅሎ ጭኜ ሰቆጣ ገበያ አራግፌዋለሁ። አባቴ ሲልሰው ኖሮ ነው ሸምግሎ የሞተው።

በቀን ስንት ጊዜ እንደምልስ ጠየቀችኝ። ከክኒኑ በኋላ አንዴ። ከንፍሮ ጋር። አምሳል ወጡን አልጫ አድርጋ ስታቀርብልኝ ደግሞ ትንሽ ፈርፈር አድርጌበት። ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ ሁለቱም አንድ ናቸው፣ አንድ ዓይነት ጨው ናቸው አለችኝ። አይደሉም አልኳት። ናቸው አለችኝ። ዱላዬን አንስቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ
አልሄድኩም። እኔ በነገሩኝ ሳይሆን ባረጋገጥኩት ነው የምኖረው።

አምሳል በሁለት ሲኒ ውሃ አቀረበችልኝ፤ በአንዱ አሞሌ፣ በአንዱ ከጎረቤት የተዋስነውን የላስቲክ ጨው በጥብጣ። ዓይኔን በነጠላዋ አሰረችልኝ። ባላስርህም ያው ነበር አለች። አሥር ጊዜ ቀመስኩ፣ ስድስቱን ሳትኩ። ታታልይኛለሽ ብዬ ቦታ ተለዋወጥን፤ እኔ እያቀረብኩ እሷ ቀመሰች። እሷም ሳተች።

ከዚያ የቀረውን አሞሌ በሙሉ ወስጄ ለላማችን ሰጠኋት። እሷ ምንም ጥያቄ የላትም።

ሐሙስ
መቶ ሰባ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ክኒን ጨምሮልኛል። ፋናዬ ማክሰኞ የት ቀሩ አላለችኝም፤ እኔም ስለ ሲኒዎቹ አልነገርኳትም።

አግዳሚው ላይ ግፊታቸውን የሚለኩ አምስት ሰዎች ነበሩ። ፋናዬ ስለ ጨው ስትመክራቸው፣ ጨው አቁሜያለሁ እያሉ በቀን ሦስቴ አሞሌ የሚልሱ አንድ አባት አሉ አለች። ስም አልጠራችም። ሳቁ። ፎጣ የጠመጠመ አንድ ሰውዬ ከሁሉም በላይ ሳቀና፣ እንዲህ ያለ ደንቆሮ ሽማግሌ ከወዴት ተገኘ አለ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቀኝም።

“እኔ ነኝ” አልኩት።

ፋናዬ አፏን ያዘች። ሰውዬው አጠገቤ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“አያ፣ አሞሌም አይቻልም ነው የምትለኝ?”

ከወዲያ ያለችው ሴትዮም ጆሮዋን አቀናች። ለካ ከአምስቱ አራቱ አሞሌ ላሾች ናቸው። አንዱ እንደ እኔው ኪሱ ውስጥ ይዞት መጥቷል። የሁለቱን ሲኒ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋቸው፤ ማመን ያልፈለገ ቤቱ ገብቶ ይሞክር አልኳቸው። ፋናዬ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ስትጨርስ፣ አያ ኪሮስ በየሐሙሱ እየመጡ ቢያስተምሩልኝስ አለች። አስብበታለሁ አልኳት።

እሁድ
ምግብ ሁሉ ጭቃ ጭቃ ይለኛል። አምሳል ሎሚ ትጨምቅበታለች፣ ነጭ ሽንኩርት ታበዛለች። ጣፈጠህ ትለኛለች። አልዋሽም፣ አልጣፈጠኝም። በላሁ።

ማክሰኞ
ሐኪሞቹ ገብተዋል። ግቢው ሰው በሰው ሆኗል። ፋናዬ ስትለካኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ይተንፍሱ እንጂ ብላ ተቆጣችኝ።

መቶ አምሳ ሁለት።

ቁጥሩን ለዓይን ሐኪሙ ስትነግረው እንደ ሎተሪ ዕጣ ጮክ ብላ ነው። ተሠራሁ። አላመመኝም። ቀኝ ዓይኔ ታሽጓል። ይህችን በግራው እየዳበስኩ ጻፍኩ።

ረቡዕ
ጠዋት ፈቱልኝ። መጀመሪያ ብርሃን ብቻ ነበር፣ ከዚያ ነገር ሁሉ በየቦታው ቆመ። ግድግዳው ላይ ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ አነበብኩት። ዓይናቸው ገና ያልተፈታላቸው ሰዎች ድገምልን አሉኝ፤ ደገምኩላቸው።

ፋናዬ የአርባ ዓመት ሴት ትመስለኝ ነበር። ልጅ ናት። እንዲህ ያለሽ ልጅ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ አልታዘዝሽም ነበር አልኳት። መቼ ታዘዙኝና አለች።

አምሳል በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሙሉ በሙሉ ሸብታለች። መቼ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

“አንተ ሳታይ” አለች።

ለግራው ዓይን ለከርሞ ተመልሰው ሲመጡ ብለውኛል፤ ግፊቱ እንደወረደ ከቆየ። ይቆይ አይቆይ አላውቅም። ወደ ቤት ስንወርድ አምሳል እንደ ወትሮዋ እጄን ይዛ ድንጋይ አለ፣ ቦይ አለ እያለች መራችኝ። ድንጋዩም ቦዩም ጥርት ብሎ ይታየኝ ነበር። ምንም ሳልናገር እስከ ደጃችን ተከተልኳት።